አንድ ይጎድላል

ደብረ ብርሃን ሰኞ፣ ውርጩ ሳይነሣ፣
አለቃ ቅጽ አደለን፦ «ለአንድ ጥቆማ፣ ብር መቶ ሃምሳ።
በየበሩ እናንተ ናችሁ የምትደርሱ፣
ማን ምን እንደሚልክ ዐይታችሁ ተመለሱ።»
ስም፣ ስልክ፣ የዕቃው ዓይነት፣ በወር ስንት ጊዜ፤
ጣርማ በርን ወረድኩ፣ በጭጋግ ተይዤ።

ዋሻው ሲተፋኝ ደብረ ሲና ገባሁ፤
አንድ ካርቶን የቀለም ክር፣ ለወይዘሮ እታፈራሁ።
ፈረመች። ከበሩ ኋላ ግን ተደርድሮ
ሰባት ባና አየሁ፣ በሲባጎ ታስሮ።

«ወዴት ነው?» አልኳት።
«መርካቶ።»
«በማን?»
«በወንዳፍራሽ፣ በረዳቱ፤ ሐሙስ ሐሙስ፣ ጣራ ላይ አውጥቶ።
ደረሰኝ የለው፤ ጠፍቶብኝም አያውቅ፤
የሰጠሁትን ይወስዳል፣ ስንት ነው ብሎ አይጨቃጨቅ።»

ወንዳፍራሽን ዐውቀዋለሁ፤
አምና ጎማዬ ሲፈነዳ ክሪክ ያዋሰኝ እሱ ነው።
መቶ ሃምሳ ብርንም ዐውቀዋለሁ፤
የልጄ ጫማ አንድ እግሩ ነው።

ማታ ጣርማ በር አፋፍ፣ ሞተሩ እንደሞቀ፣
ቅጹን ሞላሁት፣ እስክሪብቶው እየደረቀ፦
ስም፣ እታፈራሁ። ዕቃ፣ ባና። በወር፣ አራት።
ስልክ፣ ዘጠኝ ቁጥር፤
ዐሥረኛዋን፣ እያወቅኋት፣ ዘነጋኋት።

«አንድ ይጎድላል» አለ አለቃ፣ በማግስቱ ሲቆጥር።
እውነቱን ነው።
አንድ እግር።