ስንዝር

እኔስ ብዬ ነበር፣ በሜትር ይለካ፣ ሃያ በሃያ ይሁን፤
ሠላሳ ዓመት እጅ ሥራ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፣ ማን ሰማኝ ታዲያ አሁን!
የግቢው ሰው ሁሉ በገዛ ስንዝሩ ለክቶ ጀመረ፤
ስንዝር እንደ ባለቤቱ ነው፣ ባንዱ እጅ ረዘመ፣ ባንዱ እጅ አጠረ።

ነገሩ የመጣው በሙኒራ ነው፣ በዘይነባ ልጅ፣
ስድስት ዓመት ቤሩት የሰው ፎቅ ሲወለውል በከረመ እጅ
ዚፑ የተበጠሰ ሻንጣ በገመድ አስራ የመጣች፤
ጦሳ ጉሙን ከጫንቃው አውርዶ
ሰኞ ገበያ ላይ በጣለበት ሐምሌ ገባች።
ትንቀጠቀጣለች። አትናገርም።
«ብርዱ ነው» አለች እናቷ።
«ብርዱ ነው» አልን እኛም፣
ብርድ ብቻ እንዳልሆነ ብናውቅም።

ጥሩአየር ናት ከሰልባጅ ተራ
ሦስት ሹራብ ያመጣች፣ በአንድ ዋጋ ተከራክራ፤
አንዱ ደረቱ ላይ አጋዘን አለበት።
ተቀምጠን ተረተርነው። አጋዘኑ
ከቀንዱ ጀምሮ ተፈታ፣ አንገቱ፣ ሆዱ፣
አራት እግር ብቻ ቀርቶ ሜዳ ላይ ቆመ፣
ከዚያ እሱም ክር ሆነ።
ሳቅን። እሷ በመስኮት ታየናለች።

ሐዋ የጤፍ ፍሬ ሠራች፣ ደቃቁን፣ በጣት ሲዳሰስ የሚቆጠር።
እንጉዳይ መሰላል ሠራች፣ ሁለት እርከን ጎደለ፤
«የኛ ቤት መሰላልስ መች ሙሉ ነው?» ብላ ሙግት።
አሰገደች ሹሩባ ጎነጎነች፣
ክሩን እንደ ልጅ ፀጉር እየሳበች፣ «ዝም በይ!» እያለችው።
ጥሩአየር የማር እንጀራ ጀምራ
ንብ ሳይገባበት ሰለቻት፣ ግማሹን ሜዳ አደረገችው።
ዘበኛው ይማም (አዎ፣ ወንድ ነው፣ ምን ይጠበስ!)
ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ነቅሎ
ሌሊት ሲጠብቅ የሠራው
ከሁሉ ጥብቅ፣ ውሃ ቢፈስበት የሚይዝ።
«ሌባ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት» አለ፣ «ቀዳዳ አልወድም።»

ዘይነባ ቀላሉን ያዘች፣ ቀጥ ያለውን፤
እሱንም እየፈታች፣ እየደገመች፣ ክሩ እስኪፈዝ።
«ዓይን ዘለልሽ» አልኳት አንድ ምሽት።
«ስድስት ዓመት ዓይኗን ሳላይ ኖሬ» አለች፣
«አንድ ዓይን ምኔ ነው?»
አስተማሪነቴን ዋጥኩት።

መስከረም ጠባ፣ ሃያ ዘጠኝ ሆነ።
አምስት በስድስት ሠላሳ ይጠይቃል።
ሲሚንቶው ላይ ዘርግተን ብናገጣጥም
አንዱ ይንጋደዳል፣ አንዱ አይደርስም፤
ጥጉ ላይ ደግሞ ባዶ።
አንቺ ሥሪ፣ አንቺ ሥሪ ስንባባል
ሙኒራ ከቤት ወጣች፣
ጥጉ ላይ ተቀመጠች፣
የይማምን ሽቦ አነሣች።

እኔ ያስተማርኩት ዓይነት አይደለም።
ክሩን በግራ ጣቷ ጠልፋ፣
ሁለት ዘልላ፣ አንድ ወደ ኋላ ተመልሳ፣
ቅጠል የመሰለ፣ ዓሣ የመሰለ፣ ስም የሌለኝ ነገር።
«ማን አሳየሽ?»
እጇ አልቆመም። «ኩማሪ» አለች።
«የላይኛው ፎቅ ሠራተኛ። በር ይቆለፍብን ነበር፣ በሷም በኔም።
ማታ ማታ ከበረንዳዋ ክሩን በገመድ ታወርዳለች፣
እኔ ሠርቼ አስራለሁ፣ ትስበዋለች፣
ከተሳሳትኩ ፈትታ መልሳ ታወርደዋለች።
አማርኛ አታውቅ፣ የሷን አላውቅ፣
በጣት ነው የምንቆጥረው።»
ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ።
ከዚያ ጭጭ።

የሷ ካሬ ከሁሉም አነሰ፣ በሁለት ጣት።
ጎትቼ ሰፋሁት፣ ምን ላድርግ፤
ጥጉ ግን እምቢ አለ፣ ይጠቀለላል።
ይማም ድንጋይ ጫኑበት አለ። ጫንንበት፣ አደረ።
ጧት ድንጋዩን ብናነሣ
ቀስ ብሎ ተመልሶ ተጠቀለለ፣ እንደ ጆሮ።

ትናንት ሌሊት ለዝናቡ ባልዲ ላስቀምጥ ወጥቼ
በመስኮታቸው አየሁ፤
ለብሳው ተኝታለች፣
ያቺን እምቢተኛ ጥግ በጡጫዋ ጨብጣ።

ነገ ካልሲ አስጀምራታለሁ።
በሜትር፣ ብያለሁ።