የማንኪያ ሥራ

ከቱዋ ወንዝ በላይ፣ ወይራው ተራራ ላይ፣
ያባታችን ቤት አለ፣ ግማሹ የማይታይ።
እሾኻም እንጆሪ ከዋጠው ዘመኑ፣
መስኮቱን ተሻግሮ ደርሷል ከክዳኑ።

የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ሲመጣ፣
"በጋው ሳይገባ ነው፣ እሳቱ ሳይወጣ፣
በቤታችሁ ዙሪያ ያለው ዱር ይመንጠር፤
ያለዚያ ቅጣት ነው" ይላል፣ ከነቁጥር።

ጎረቤት ዜፌሪኖ ጀሪካን አንጠልጥሎ፣
"አንድ ጊዜ ረጭቼ ላድርቅላችሁ" ብሎ
መጣ በጠዋቱ።
እህቴ ደኦሊንዳ አየች ጀሪካኑን፣
በጣቷ ጠቆመች የውኃ ጉድጓዱን፤
"የምንጠጣው ከዚህ ነው፣ ከሥሩ፣ ካለቱ።
የረጨኸውን ነገ በጣሳ ልትጠጣ
ከፈቀድክ፣ እርጨው።"
ሰውየው ሣቀና ጀሪካኑን ይዞ ወጣ።

የባሏን ነገር ግን አላነሣችለት፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወይን ሲረጭ ኖሮ፣ በሞተበት ዕለት
ጥፍሩ ሰማያዊ እንደነበር
ያየን እኔና እሷ ነን።

ፍየል ተዋስን፣ ሁለት፣ ከግራሲንዳ፤
አንዷ ባለጢም ናት፣ ስሟም "ባለዕዳ"።
ቅጠል ቅጠሉን በልተው ግንዱን ለኛ ተዉት፤
የበሉትን ሁሉ ማታ አመነዠኩት።

ከዚያ እኛ ገባን፣ ማጭድና መቀስ፣
በወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ቀና ጎንበስ።
"ከጫፉ አትጎትቺው፣ ፊት ይቧጭራል፤
አንድ ክንድ አስቀርተሽ ቁረጪ፣ ጉቶው እጀታ ይሆናል፤
ከዚያ ዶማውን ከሥር፤ ወዝውዢው፣ አትቸኩዪ፤
ጣት የምታህል ሥር ከቀረች፣ ለከርሞ መልሰሽ እዪ።"

ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ስታዝ ግን እንደ ድሮው
እኔ ስድስት ነኝ፣ እሷ ዘጠኝ።
ሳማው ሲለበልበኝ "ሳማ ነው" ትላለች፣
የማላውቀው ይመስል፤ ዞር ብላ ትስቃለች።

በስድስተኛው ቀን፣ በምሥራቁ ማዕዘን፣
መሠረቱ ወጣ። እርጥቡን እያሸተትን
አፈሩን ስንጠርግ፣ ኖራው ላይ ሦስት መዳፍ፤
ጎን ለጎን የተዘረጉ፣ እንደ ወፍ ክንፍ።
ረስተነው ነበር።
አባታችን ነው፣ ኖራው ሳይደርቅ በፊት
"እጃችሁን አምጡ" ያለን፣ አንድ ጠዋት።
አንዱ የደኦሊንዳ፣ አንዱ የኔ፤
ሦስተኛዋ፣ ትንሿ፣
የአማዴው።

አማዴው።
በዚሁ ቤት ውርስ ተጣልቶን ከሄደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
ሊዮን ነው ይላሉ። ስልክ አለው ይላሉ።
ስሙ በማዕዳችን አይነሣም፤ እኔም አላነሣሁት።

ከትንሿ መዳፍ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መኻል፣
አንድ የእንጆሪ ሥር፣ መጥረጊያ እንጨት የሚያህል፣
ኖራውን ሰንጥቆ ገብቷል።
ቢጎትቱት መዳፉን ይዞት ይመጣል።
ዶማ አይሆንም። ማጭድ አይሆንም።
(ጀሪካኑ ትዝ ብሎኛል፣ አልዋሽም።)

ደኦሊንዳ ገብታ በሾርባ ማንኪያ ተመለሰች፤
ከረጢት አነጠፈች፣ ተንበረከከች፤
አፈሩን በማንኪያው ጫፍ፣ በጥቂት በጥቂቱ፤
ሥሩን በሹራብ መርፌ፣ እንደ ቋጠሮ መፍታቱ፤
የፈላ ውኃ ከማንቆርቆሪያ፣ ጠብ፣
ደግሞ ጠብ።

ሦስት ቀን።
"ተዪው፣ ጉልበትሽን" አልኳት።
"ሥር ነው" አለች ቀና ሳትል፤ "ሥር ይነቀላል።"

በሦስተኛው ቀን፣ ሲመሻሽ፣ ወጣ፤ ክንድ ከስንዝር።
መዳፏ ደህና ናት፤ ከቀለበት ጣቷ በስተቀር፤
እሷ ትንሽ ተቆርሳለች።
ደኦሊንዳ በዚያች ጉድለት ላይ ጣቷን አኑራ ቆየች፤
ከዚያ "ፍየሎቹን መልሺ" አለች፣
"ግራሲንዳ ትጠብቃለች።"

በመሠረቱ ዙሪያ ካርቶን ዘረጋን፣ ድንጋይ ጫንበት፤
ያቺን ማዕዘን ግን አላለበስናትም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋት።

በመጋቢት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣
ሁለት ቀይ ቡቃያ ከማዕዘኗ ሥር አየሁ። ነገርኳት።
ማንቆርቆሪያውን ጣደች።
ማንኪያውን አወጣች፤
ለብቻው ነው በመሳቢያ የምታስቀምጠው፣
ሾርባ አይበላበትም።