በእንቅርት ላይ

ከኮምቦልቻ መግቢያ፣ ከሐርቡ መንገድ ዳር፣
ውዬ አድራለሁ እኔ ከአንዲት ሣጥን ጋር።
ጡብ የምታህል፣ ብጫ፣ የተንጠለጠለች አንገቴ ላይ፣
ዓይንም አፍንጫም የላት፣ የምታነፈንፍ የማይታይ።

ሦስት ቀን ሠለጠንኩ ደሴ ላይ፣ በጉም ቀን፤
መምህሩ ሳይጮህ እንዲህ ሲል ነገረን፦
«ቡጢ የምታህል ብረት፣ ከሆስፒታል የተሰረቀች፣
ክፉ ሰው እጅ ገብታ ገበያ መሀል ከተበተነች፣
ሰኞ ገበያ አይቆምም፤ ማክሰኞም፤ ለልጅ ልጅ።
አትጮህም፣ አትሸትም፤ ዝም ብላ ትገባለች ከደጅ።»
ብሎ ሣጥኗን በጣቱ ቀስ አድርጎ መታ።
እኔ ግን የዚያን ሌሊት አልተኛሁም ለአንዳፍታ።

ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ፤
በሩ ሲከፈት ወጣ የላብ፣ የብርቱካን ንፋስ።
በመተላለፊያው ወንበር ወንበር እያየሁ አለፍኩ፣
አሥራ ሰባተኛው ጋ ስደርስ ቀጥ አልኩ።
ሣጥኗ ጮኸች።
ከሥልጠና ወዲህ ጮሃ የማታውቅ፣ ጮኸች።
እናቷ እንደጠፋባት ጫጩት አላቆም አለች።

ከወንበሩ አንዲት ሴት፤ ሻሿ አረንጓዴ።
መታወቂያዋ፦ ሩቂያ ይመር፣ ሐይቅ፣ የጨው ነጋዴ።
«ሁሉም ሰው ይውረድ» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ።
አስር አለቃ አረጋ፦ «አንቺ ቁሚ! እጅሽን አሳይኝ!»

ሻንጣዋ አስፋልት ላይ ተገለበጠ፣ አርባ ሰው ፊት፦
የልጅ ጫማ፣ ሳሙና፣ የውስጥ ልብሷ፣ ግማሽ ብስኩት።
ብረት የለም። ሣጥኗ ግን ሻንጣውን ትታ
ወደ ሴትዮዋ አንገት ስትጠጋ ነው የምትበረታ።

«ሻሽሽን ፍቺ» አለ አረጋ።
ዘገየች፤ ፈታችው፤ ፊቷን ወደ ተራራው ዘወር አድርጋ።

እንቅርት። ሌላ ምንም የለም።
እናቴም ነበራት፤ በእኛ ሰፈር እንቅርት ያልገባበት ቤት የለም።

ያኔ ከብብቷ አወጣች የታጠፈ ወረቀት፣
በሹክሹክታ ሰጠችኝ፤ እኔ ግን አነበብኩት
ጮክ ብዬ፣ ለአረጋ፣ ለሾፌሩ፣ ለሰው ሁሉ፦
«ለእንቅርቷ ጨረር ያለው መድኃኒት ወስዳለች፤ ለጥቂት ቀን ከሕፃን ትራቅ» ይላል ቃሉ።

ጨረር የሚለው ብቻ ነው የቀረው በሰው ጆሮ፤
መድኃኒት የሚለው ወደቀ፣ ማኅተሙም ወደቀ አብሮ።
አጠገቧ የነበረው ሄዶ ቆመ ከኋላ፣
አንዲት እናት ልጇን በነጠላዋ ሸፈነች ጠቅልላ።
ሩቂያ ለብቻዋ፣ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር፣
ወረቀቷን ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ፣ ሀረጎን እስኪወጡ ትታየኝ ነበር።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስል ኖሬ በየጨዋታው፣
ጆሮ ደግፍ ሰው መሆኑን፣ ባጅ ማድረጉን ማን አየው?

ደግሞ በዚያ መሀል፣ አንዲት አንገት ከበን ሳለን፣
ቁርጥራጭ ብረት የጫኑ ሦስት መኪኖች ወደ ፋብሪካው አለፉን።
ማንም አልነካቸውም። ሰሌዳቸው አልተጻፈም።
ምናልባት የአልጋ ሽቦ፣ የወፍጮ ጥርስ፣ የታንክ ሰንሰለት። ምናልባትም...
አላውቅም።

ሣጥኗን ልጣላት? አልጥላትም። እህቴ ሰኞ ገበያ
ቲማቲም ትዘረጋለች፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ከመስጊዱ ወዲያ።

ለአለቆቼ ጻፍኩ፦ አንዲት ሴት ፈታሽ፣ አንድ ድንኳን፣
የሰው ወረቀት በሹክሹክታ የሚነበብበት፤ ይሄን ብቻ፣ ይሄን።
መልስ እስኪመጣ እኔው ከማዳበሪያ ከረጢት
መጋረጃ ሰፍቼ ሰቀልኩ በሁለት እንጨት።
የቦርከና ነፋስ መጥቶ ይገልበዋል፤
እንደገና አስረዋለሁ፤ እንደገና ይፈታል።

ሩቂያ ለጨው ስትመለስ ሣጥኔ ዝም ትላለች፤
መድኃኒቱ ከደሟ ወጥቷል፣ እንደማንም ሰው ታልፋለች።
ያን ጊዜ አፍ የሚያስፈልገው ለእኔ ነው።
እስከዚያው ገመዱን አጠብቃለሁ፤
ነፋሱ ዛሬም ከወንዙ በኩል ነው።