የክሩ ልክ

ከዚራ፣ የባቡሩ ክበብ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፤
ዘመኑ ስልሳ ሁለት፣ ወሩ ሚያዝያ ነበር።
አሸዋው ከደቻቱ በጋሪ መጣ፤
ሌሊቱን ሲነፋ አደረ፣ ጠጠሩ እንዲወጣ።
«ሴት ብረት ወርውራ ምን ልታመጣ?» እያለ
የአትሊየው ሠራተኛ አጥሩ ላይ ተሰቀለ፤
ሲመሽ እነዚያው ናቸው፣ ጎራ ለይተው፣
በኢፍቱ ቀኝ እጅ ላይ ደሞዝ አስይዘው።

ኢፍቱ ናት መቺዋ፣ የዘበኛው ዩያ ልጅ፤
ከአፏ ቃል አይወጣም፣ የምትናገር በእጅ።
ሐዋ ሮብሌ አስጠጊ፤ ከጅቡቲ ባቡር
ፈታሽ ፊት ተራምዳ ሽቶ ታሳልፍ ነበር፤
«እጄ ካልተንቀጠቀጠ ከፈታሽ ፊት ቆሜ፣
ለእንጨት ኳስ ልፈራ ነው፣ አሁን፣ በዚህ ዕድሜ!»
ማዳም ሲራኑሽ ደግሞ፣ አርመኗ ልብስ ሰፊ፣
መጥረጊያዋን ይዛ፣ ከሁሉም ፊት አላፊ፣
ቡሉ ሳይወረወር ሜዳውን ትጠርጋለች ጎንበስ፣
ቅጠል እንዳያግደው፣ መንገዱ እንዳያንስ።
«ብረት እንግዳ ነው» ትላለች፣ «ደጁ ይጠረግለት!»
ሙሴ ጋስቶን፣ ዳኛው፣ ሊከለክል ፈልጎ፣ ሕጉ ጠፋበት።

ቡሎቹ ከአሮጌ ፉርጎ እግር ብረት ናቸው፤
አባቴ ነው ቶርኖ ላይ፣ ሌሊት፣ የላጋቸው።
አንዷ ትከብዳለች። ኢፍቱ ያቺን ትወዳለች።

ከአስመራ የመጡት ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፤
ኳሳቸው የጣሊያን፣ ሲጋጭ እንደ ደወል የሚሰማ።
ግን ለአየሩ አልተዘጋጁም፤ የድሬ ፀሐይ ጠጣቸው።
ሐዋ ሄዳ በውሃ የራሰ ሻሽ ሰጠቻቸው፤
«አቦ፣ ተቃጥላችሁ ብንረታችሁ ምን ደስታ አለው!»
ምጽላል የምትባል፣ ረጅሟ፣ ሳቀች። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ነው።

አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት። የመጨረሻዋ ብረት።
የጅቡቲው ባቡር ገባ፤ ማንም አልሄደለት።
ሲራኑሽ ጠረገች።
ኢፍቱ ወረወረች።
ከባዷ ኳስ ተንከባላ፣ ተንከባላ፣
ቆመች።

ከእንጨቷ በግራ የምጽላል፣ በቀኝ የእኛ።
በዐይን አይለይም፤ ተንበርክኮ አየ፣ ተነሣ ዳኛ።
ሜትሩ ተሰብሯል። «ክር አምጡ!» አለ አንድ ሰው።
የሲራኑሽ ክር ከኪሴ ነበር፤ ዐይኗ ደክሞ መርፌ የምሰካላት እኔው።
አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። «ልጅ አትዋሽም፣ ትለካ» አሉ፤
ከአጥር የተሰቀሉ ዐይኖች ጀርባዬን አቃጠሉ።

ወደ ምጽላል ኳስ ዘረጋሁት፤ ልኩን በጥፍሬ ያዝኩ።
ወደ እኛዋ ዞርኩ።
እዚህ ላይ ነው። ስንት ዓመት የምመለሰው እዚህ ላይ ነው።
ጥፍሬ ተንሸራተተ? ክሩን ሳብኩት? ላብ ነው ያረዘመው?
ጥጥ ነው እኮ። ጥጥ ይሳባል።
«የእኛ ናት» አልኩ።

ጩኸቱን አልነግራችሁም። ነጂው ጡሩምባውን ነፋ፣
ሙሴ ጋስቶን በደስታ ይሁን በንዴት ባርኔጣው ጠፋ።
ምጽላል ወደ እኔ መጣች፤ ክሩን ከእጄ ወሰደች፤
ጣቴ ላይ ዞር፣ ዞር አድርጋ ጠመጠመች።
«ጽቡቕ» አለች፤ «ጥሩ ለካሽ።»
ዐይኔን ግን አላየችም። ወይ እኔ ነኝ ያላየሁ፤ ያን ጊዜ ጣቴን ነው የማይ።

ሌላ ሻምፒዮና በእኛ ሜዳ አልመጣም።
ዋንጫው የስኳር ማስቀመጫ ሆኖ ከረመ፤ በጎርፉ ዓመት ሄደ፣ አልተመለሰም።
ሐዋም የለች፤ ሲራኑሽም። ኢፍቱ ሸነሌ ናት፣ ልጇ ጋ፣
ስሟን እንጂ ቡሉን አታስታውስ፤ እጇ ግን፣ ስትተኛ፣ ይዘረጋል ወደ አልጋው ዳር፣ ወደ ባዶው፣
የሆነ ነገር ሊወረውር።

ከባዷ እኔ ጋ ናት። ንፋስ ሲነሣ በሬን ትደግፋለች።
ጠዋት ደጄን ስጠርግ ዙሪያዋን እጠርጋለሁ፤ እንግዳ ናት።
ምጽላል፣ በሕይወት ካለሽ፣
ነይና ደግመን እንለካ እልሽ ነበር፤
ሜዳው ግን መኪና ማቆሚያ ነው፣
ክሩም፣ ነገርኩሽ፣ ጥጥ ነበር።