ግራ

ኅዳር ነው፤ የኤስቢየር ነፋስ ከወደቡ ተነሥቶ
መስኮታችንን ይገፋል፤
አስጌር፣ የሃያ ቀን ሰው፣ ቀኙን ጡት ይጠባል፣
ከግራው ይሸሻል።
እሱ ግራን ሲጠላ እኔን ግራ ገባኝ።
ባሕር መሐል የተርባይን ብሎን የማጠብቀውን ሰውዬ
ከእጄ አንጓ የምትቀጥን አንገት አስፈራችኝ።

ሲግነ ጥርሷን ነክሳ፦
«ወተቴን ነው የጠላው ወይስ እኔን?»

ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ሴቶች በአንድ ክፍል ጠበቁን።
ካይሮፕራክተሯ ቢርተ ከጆሮው ሥር ጣቷን አሳረፈች፣
የተኛ ሰው ዐይን ቆብ እንደሚዳሰስ፣
ያን ያህል ብቻ።
የጡት ማጥባት አማካሪዋ ሎነ ትራሱን ገፋ አድርጋ፦
«አትጎንበሺለት፤ እሱ ይምጣ።»
አንዷ ስትለቅ አንዷ ትቀበላለች።

በመጀመሪያው ሐሙስ ለቅሶ። በሁለተኛው እንቅልፍ።
ሦስተኛውን ባልናገር ይሻላል።
በአራተኛው አገጩ ዝቅ አለ፣ አፉ ሰፋ፣
በግራ በኩል
ዋጥ… ዋጥ… ትንፋሽ… ዋጥ።

ጣት ይሁን ትራስ፣ ወይስ ቀን ራሱ፣
ያቀናውን አልጠየቅሁም።
ሲግነ ከወለደች ጀምሮ
ጆሮዋ ሥር የሰቀለችውን ትከሻ
ቀስ ብላ አወረደችው።

የኔም ለካ
ተሰቅሎ ኖሯል።