የአያት ስም

እኔ የኮምቦልቻ ቄራ መዝጋቢ ነኝ፣
ሚዛን አነባለሁ፣ ቁጥር ነው የሚያበላኝ።
ዐሥራ ስምንት ዓመት፣ ቦርከናን ተሻግሬ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ በጋቢ ታስሬ፣
ሙሄ ያረዳቸውን ስመዝን አድሬ፣
ከባረከው ሥጋ አንዲት ጉርሻ አልበላሁ።
ማተቤ አንገቴ ላይ፣ እሱ ለሶላቱ፤
በሰፈራችን ሰርግ ሁለት ነው እሳቱ፣
ሁለት ነው ቢላዋው፣ አንድ ነው ምርቃቱ።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወጣት መጣ፣
ዑስታዝ ነጂብ ይሉታል፤ ነጭ ጋዋን፣ ክላሰር፣ ቴርሞሜትር።
ሥጋው ባሕር እንዲሻገር ማህተም ያስፈልጋል።
ትሑት ነው፤ ለዘበኛው ሳይቀር ሰላም ብሎ ገባ።
ጠየቀ። ጻፈ። ጠየቀ።
ሳሙናው ከምን ስብ ነው?
የሰንሰለቱ ግራሶ ከየት ተገዛ?
(ደረሰኙን አገኘሁት፣ የሻይ ብርጭቆ ክብ አርፎበት።)
የመኪናው ወለል ትናንት ምን ጭኖ ነበር?

ሙሄ ጥጉ ላይ ቆሟል፣ ቢላዋው ከጀርባው።
እሱ ባለበት ፍየል ስለት አታይም።
ሰኞ ከባቲ ገበያ የመጡትን
ውሃ ሳያጠጣ ነክቶ አያውቅም፤
አንዷ እየደማች ሌላዋን አያቀርብም።
ነጂብ ቂብላውን በኮምፓስ ሊለካ ጎንበስ አለ፤
መርፌዋ ዞረች፣ ዞረች፣
የሙሄ እግር ሲሚንቶውን ካጎደጎደበት ላይ
ልክ በአውራ ጣቱ አቅጣጫ ቆመች።

በመጨረሻ ቅጹ። «የአራጁ ሙሉ ስም፣ እስከ አያት።»
«ሙሄ።» ተጻፈ።
«አራጋው።» ተጻፈ።
«ወልደጨርቆስ።»
እስክሪብቶው ቆመ።
በረት ውስጥ አንዲት ፍየል አስነጠሰች።

«አባባ፣ ይህ… የአያትዎ ስም ነው?»
«የአያቴ ነዋ! የተውሶ መሰለህ?
አምባሰል ላይ ደብር ሲያስቀድስ የኖረ፤
አባቴ አራጋው ነው ሶላት የጀመረ፤
አጎቴ መሪጌታ፣ እዚያው የተቀበረ።
ሲሞት አፈር ያለበስኩት እኔ፣
ከተዝካሩ ፍሪዳ ያልቀመስኩት እኔ፤
ስሙን ብሰርዘው የትኛው አጥንቴ ይጉደል ከጎኔ?»

«እኔስ ገብቶኛል» አለ ነጂብ፣
«ወረቀቱን የሚያነበው ግን ማዶ ያለ ሰው ነው፣ ወሎን የማያውቅ።
ለአንድ ስም ብሎ ኮንቴይነር ቢያቆምስ?
ምስክር ይምጣ፣ ሁለት ሰው፣ ሶላቱን የሚያውቅ።»

ተነሣሁ። ማን እንዳስነሣኝ እንጃ።
«እኔ አለሁ» አልኩት።
«ቢስሚላሂ ሳይል እጁ ሲንቀሳቀስ አላየሁም፤
ሲቸኩል አላየሁም፤ ተቆጥቶ ሲያርድ አላየሁም።
ባለቤቱ የሞተች ሰሞን
‹ዛሬ ልቤ አልቀናም› ብሎ ቢላዋውን አስረክቦ ሄዷል።
የዚያን ቀን ደመወዙ ተቆርጧል፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ መዝገቡ እነሆ።»

ነጂብ ማተቤን አየ። ዓይኑን ሰበረ።
«እህቴ፣ ቃልሽ ለእኔ ይበቃል፤ ለቅጹ ግን…»
«አውቃለሁ።» ተቀመጥኩ።
«በልተሽለት እንኳ አታውቂም» አለ በለሆሳስ።
«አላውቅም። ለዚህ ነው የማላዳላው።»

ወረቀቱ በወሩ መጣ። ማህተሙ አረንጓዴ፣ ክብ፣ ያምራል።
መስኮቱ ሥር ለጠፍነው።
ሙሄ «አንብቢልኝ» አለ፣ ማንበብ እየቻለ።
«አራጅ፦ ሙሄ አራጋው ወ.»

ወ። ነጥብ።
ደብሩ፣ አምባሰሉ፣ መሪጌታው አጎት
በአንዲት ፊደል ጉያ ተሸሽገው
በጅቡቲ በኩል ሊሻገሩ።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ነጥቧን በጣቱ ነካ፤
«ተይው ትብለጥ። የጠየቀሽ ካለ
ወ ማለት ወሎ ነው በያቸው።»

እኔ አልሳቅሁም።
ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ መኪናው ደጅ ቆሟል፣
ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ፍየል።
መዝገቤን ገለጥኩ፤ የአራጅ ስም ከሚለው ሥር፣
እንደ ሁልጊዜው፣
ሙሉውን ጻፍኩት።