ገባች ይላል

የካቲት አጋማሽ፣ ሂዩማ ደሴት ላይ፣
በረዶው ለጀልባ የጠና፣ ለመኪና የሳሳ፣
መንገድ የሚባል ነገር የሌለበት ሰሞን፣
ወደቅኩኝ ከጓዳ፣ ግማሽ ፊቴ ዝሎ፣
ድንች የያዘው ድስት እግሬ ሥር ተንከባሎ።
የድስቱን ድምፅ ሰምታ የጎረቤቴ ልጅ ኬርቱ ሮጠች።
ስሜን ሲጠይቁኝ «ሄ…» ብዬ ቀረሁኝ፣
«ልቬ» ከውስጥ ቀርቶ፣ ሄሊኮፕተር ጫኑኝ።

ታሊን ስንደርስ ግን ያ ወጣት ሐኪም፣
አይቶኝ የማያውቅ፣ እኔም የማላውቀው፣
ደም የሚያቀጥነውን ክኒን በሚዛኑ፣
ስንቴ እንደምውጠው፣ ከሌቱ ከቀኑ፣
የኩላሊቴን ልክ፣ የጉልበቴን ብረት
አውቆ ጠበቀኝ በር ላይ፣ ገና ሳልደርስለት።
«ያን መርፌ እንዳትወጓት!» ብሎ ጮኸ አሉኝ።
ቢወጉኝ
ይህን አልጽፍም ነበር።

ስለዚህ አልዋሽም፣ መዝገቤ ነው ያዳነኝ፣
እኔን ቀድሞ በርሮ፣ አፍ ሆኖ ያወራልኝ።

ግን።

ሚያዝያ ላይ ኬርድላ ጥርሴን ላሳይ ብሄድ፣
ከመንጋጋዬ በቀር ምንም የማያሻው ሰው
ኮምፒውተሩን አየና ድምፁን አለሰለሰው።
«ካመመዎት ይንገሩኝ፣ ቀስ እንበል፣ አይዞዎት…»
እንደተሰነጠቀ ብርጭቆ ያዘኝ፣ በሁለት እጁ።
ለአንዲት የድድ ቁስል
ይህ ሁሉ ማዘን ከየት መጣ?

ቤቴ ስገባ ገባኝ።

መታወቂያ ካርዴን ከማሽኑ ከትቼ
የራሴን ገጽ ከፈትኩ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ መብራት አብርቼ።
ከታች፣ ከታች፣ ከታች፣
ከድሮ ወረቀት አንዱ የገለበጣት
አንዲት መስመር አለች፦
«ታካሚዋ ሆን ብላ ባሕር ገባች።»
ነጥብ። አለቀ።

ልጄ ታርሞ የሰጠመ ዓመት ነበር፣ መስከረም።
አስከሬኑን የነሣኝን ውኃ ልጠይቀው ወረድኩ።

የጥርሱ ሐኪም፣ መነጽር የለካኝ ሰውዬ፣
የጆሮዋ ሴት፣ አዲሱ የልብ ባለሙያ፣
ሁሉም በዚያች መስመር ላይ ከነጫማቸው አልፈዋል።
የከፈተ ሁሉ ስሙ ይመዘገባል፣ አገሬ በዚህ ትኮራለች፤
እኔም ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ስም።
አሥሩ ምክንያት አለው።
አሥራ አንደኛዋ ኬርቱ ናት፣
የክሊኒኩ ነርስ፣ ያቺው የሮጠችልኝ፣
ከሌሊቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ፣ ማንም ሳይታመም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤
የመዝገብ ወለምታስ? ወጌሻው የታል?

መዝጋት ይቻላል። አንዲት ቁልፍ አለች።
ጣቴን አሳረፍኩባት፣ አነሣሁት፣ አሳረፍኩት።
ብዘጋው፣ በመጪው የካቲት ምላሴ ሲታሰር
ማን ሊያወራልኝ ነው?
ብተወው፣ ጥርስ ባስነቀልኩ ቁጥር
ያልቀበርኩትን ልጅ እንደገና ልቀብር ነው?
ሻዩ ቀዘቀዘ።
ክኒኑን ክፍት ተውኩ፣ ደሙን ክፍት ተውኩት።
ባሕሩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ድንች በቅርጫት ይዤ ኬርቱ በር ላይ ቆምኩ።
«አነበብሽው?»
ጆሮዋ ቀላ። አልካደችም፤ ለምን እንዳነበበችም አልነገረችኝ።
«ገባች ይላል፣ አይደል?»
«ይላል።»
«ወጣች ግን አይልም።
እስከ ደረቴ ሄጄ፣ ቀሚሴ እንደ እርሳስ ከብዶኝ፣
በገዛ እግሬ ዞሬ፣ ጫማዬን ከድንጋዩ ላይ አንሥቼ፣
ቤቴ ተመልሼ ላሜን አለብኩ፣ ሰዓቷ አልፎባት ትጮህ ነበር።
ገባች ብሎ ጻፈ ነገር ያልገባው ሰው፣
ከባሕር መውጣቴን ማን ነው የሚጽፈው?»

ኬርቱ ቅርጫቱን ተቀበለችኝ።
ድንቹን አየች፣ አፈሩን በጣቷ ጠረገች፣ ብዙ ቆየች።
«ላሟ» አለችኝ፣
«ማን ትባል ነበር?»